የታጠበው ጥያቄና ሁለተኛው ምት

የምስክርነት ቃል
ጉዳዩ፦ በሰው አካል ላይ የደረሰ ከባድ ጉዳት
ቃል ሰጪ፦ ልብስ ሰፊዋ (ሙሉ ስሟ በተለየ ወረቀት ታሽጎ ተይዟል)
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ልብስ ስፌት፤ በተጨማሪም በስልክ የሚካሄድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ማኅበር አስተባባሪ
አድራሻ፦ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ያለው የሱቆች ሕንፃ፣ ምድር ቤት፣ ከጫማ ጠጋኙ ፊት ለፊት
ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ባለው ሳምንት
ቃሉን የተቀበለችው፦ የምርመራ ክፍል ሳጅን

እኔ ከላይ የተመዘገብኩት ምስክር፣ ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ በልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ ስለሆነው ነገር፣ በተለይም ካውያውን አንስቶ ግለሰቡን የመታው ማን እንደሆነ እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። የተሰጠኝ የሕመም ማስታገሻ አእምሮዬን ያደነዝዘው እንደሆነ ተጠይቄ፣ ያደነዝዛል ቢባልም እኔን እስካሁን እንዳላደነዘዘኝና እጄ ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ እንዳደረ ገልጫለሁ። የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ አይደለም። የግለሰቡ ሚስት በዚህ ጉዳይ ታስራ እንደምትገኝ ታላቅ እህቴ ትናንት ሆስፒታል ነገረችኝ። የታሰረችው ያለ ጥፋቷ ነው። ይህን ለማስረዳት ከአልጋዬ ተነስቼ መጥቻለሁ።

«የጥያቄ ማዕድ» የሚባለውን ማኅበር በስልኬ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልብስ ለመለካት የሚመጡ ሴቶች ተራ ሲጠብቁ በመጽሐፍ ቅዱስ ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩ እየጦፈ ልኬት ያሳስተኝ ጀመር። ጥያቄያችሁን በስልክ ላኩልኝ፣ አዋቂ ፈልጌ አስመልሳለሁ፣ እዚህ ግን ዝም ብላችሁ ቁሙልኝ አልኳቸው። ነገሩ ከዚያ ተነስቶ አሁን አባላቱ ብዙ ሺህ ደርሰዋል፤ አብዛኞቹን በአካል አላውቃቸውም። ቃየን ሚስቱን ከየት አገኘ የሚለው በየሳምንቱ ይመጣል። ጸሎት ላይ ስልክ ቢጠራ ማንሳት ኃጢአት ነው ወይ የሚልም አለ። ፊት ለፊቴ ያለው ጫማ ጠጋኝ፣ ሰፈሩ ምስማሬ የሚለው፣ በጥፋት ውሃ ጊዜ ዓሦቹ ምን ሆኑ ብሎ ጠይቆ መልሱ አላጠገበውም፤ ባየኝ ቁጥር ይነዘንዘኛል። መርማሪዋ ወደ ጉዳዩ እንድገባ ስታሳስበኝ፣ ጉዳዩ ውስጥ እንዳለሁና ምስማሬም ኋላ በሩን የሰበረው ሰው እንደሆነ ነግሬአታለሁ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ጥያቄ የሚመጣው ለእኔ ብቻ ነው። እኔ አጥበዋለሁ። ማጠብ የምንለው የጠያቂውን ስም፣ ሰፈር፣ ሥራ፣ የልጆቹን ብዛት፣ በጠቅላላው ጎረቤት ሰምቶ «ይቺማ እገሌ ናት» ሊልበት የሚችለውን ሁሉ ማውጣት ነው። ከታጠበ በኋላ እንደ ጉዳዩ ከመላሾቹ ለአንዱ እልከዋለሁ፤ እሱም መልሱን በድምፁ ቀድቶ ለሁሉም ያሰማል። ጠያቂው ማን እንደሆነ መላሹ አያውቅም፣ እኔም አልነግረውም። ማኅበሩ ገና ጀማሪ ሳለ ስለ አማት የመጣ አንድ ጥያቄ እንዳለ ወጥቶ አማቲቱ ራሷ አባል ሆና ተገኘች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላነሳውም። ስለዚህ አሁን እስኪነጣ ድረስ አጥባለሁ።

የትዳር ጥያቄ የሚመልሰው ዛሬ ሆስፒታል የተኛው ግለሰብ ነበር። ሥራው የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርነት ነው። አባላቱ ወንድም እርጋታ ይሉታል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው ሰው የለም። ተኳርፈው ሰንብተው የእሱን ድምፅ አብረው ሰምተው የታረቁ ባልና ሚስቶችን አውቃለሁ። እኔም እወደው ነበር፤ ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ ነበርኩ። ሚስቱን ከዚህ በፊት ያየኋት አንድ ጊዜ፣ ማኅበሩ በአካል በተሰበሰበበት ቀን ነው። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ ለእንግዶች ውሃ ስታድል ዋለች። ልብስ ሰፊ ነኝና የእጅጌዋን ስፌት ልብ ብዬ አይቻለሁ፤ ስለ ክንዷ ግን ምንም አልጠረጠርኩም።

ከድርጊቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በሰው ፎቶ ፈንታ አበባ ከተለጠፈበት አድራሻ አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። ጠያቂዋ ባሏ እንደሚመታት፣ ምልክት እንዳይወጣባት ቀበቶውን በፎጣ እንደሚጠቀልል፣ መትቶ ሲጨርስ አንበርክኮ እንደሚጸልይላትና «አሜን» እስክትል እንደማያስነሳት ጽፋለች። ቤቱን ትቼ ብወጣ እግዚአብሔር ይጣላኛል ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቢሆንም እንደ ደንቡ አጠብኩት። ቀበቶውን አወጣሁ፣ ፎጣውን አወጣሁ፣ ጸሎቱንና አሜኑን አወጣሁ። የቀረው «ባለቤቴ ይመታኛል፤ ቤቱን ትቼ ብወጣ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ብቻ ነበር። የትዳር ጥያቄ ስለሆነ ለወንድም እርጋታ ላክሁት።

የግለሰቡ ታላቅ ወንድም ባቀረበው አቤቱታ፣ ይህን ያደረግሁት ሆን ብዬ ወጥመድ ለማጥመድ እንደሆነ መጻፉ ተነግሮኛል። ሐሰት ነው። ወጥመድ ብፈልግ ኖሮ ፎጣውን እተውለት ነበር፤ በአንድ ጊዜ ራሱን ያውቅ ነበር። በደንብ ስለታጠበ እሱም ራሱን አላወቀም፣ እኔም አላወቅሁትም።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ዳዊት ሳኦልን ያከብረው እንደነበር፣ በገና እየደረደረለት ሳለ ሳኦል ጦር ሲሰነዝርበት ግን ዞር ብሎ እንዳመለጠ፣ ሚስቱ ሜልኮልም በመስኮት እንዳወረደችው ተረከ። ከዚያ «እህቴ፣ ጦሩ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ቀረ። ዳዊት የሚቀጥለውን ጦር ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ አንቺም አትጠብቂ። ውጪ። የሚመታሽ ሰው እግዚአብሔርን ቢጠራም እግዚአብሔር ከእሱ ጋር አይደለም» አለ። የኮት እጅጌ እየገጠምኩ ነበር የሰማሁት። አለቀስኩ፤ እጅጌውንም ገልብጬ ሰፍቼው ኋላ ስተረትር ዋልኩ።

ጠያቂዋ መልሱን እንደሰማች፣ ልትወጣ እንደቆረጠች ግን መጠጊያ እንደሌላት ጻፈችልኝ። ታላቅ እህቴ ከከተማው ወጣ ብላ ብቻዋን ስለምትኖር እሷ ጋ እንድትቆይ ተነጋገርን። ቅዳሜ ረፋድ ወደ ሱቄ እንድትመጣ፣ እህቴም በመኪና መጥታ እንድትወስዳት ተስማማን። የሱቄን አቅጣጫ ጻፍኩላት። ስሟን አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ አንዲት ፌስታል አንጠልጥላ ገባች። ሳያት አወቅኋት። ያቺ ውሃ ስታድል የዋለችው ሴት ነበረች፤ ያኔ የለበሰችውን ያንኑ ልብስ ለብሳለች። የስፌት መኪናውን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ መልሱን ሲቀዳው በግድግዳው በኩል እየሰማሁት ነበር» አለችኝ። «ጨርሶ ወጣና ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ውሃ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት።» ጥያቄው ለእሱ እንደሚደርስ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። «አውቃለሁ፤ ከራሱ አፍ ልሰማው ብዬ ነው» አለች። ይህ ቃሏ በወጥመድ የሚተረጎምባት ከሆነ፣ ያጠመደችው ባሏ አንድ ቀን እውነቱን እንዲነግራት ብቻ መሆኑ አብሮ ይመዝገብልኝ።

ስልኳን የት እንዳደረገች ስጠይቃት፣ እንዳይደውልላት ብላ የእሱን መልስ እንደከፈተች የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትታው እንደወጣች ነገረችኝ። በዚያ ስልክ ላይ የሱቄ አቅጣጫ አለ። ፍርሃት የያዘኝ ያኔ ነው። ልብስ መሞከሪያው ውስጥ አስገብቼ መጋረጃውን ሳብኩባት፤ እንዳትንቀሳቀስ አልኳት። እህቴ ጋ ስደውል መንገድ ተዘጋግቶባት እንደቆመች ነገረችኝ።

ከእህቴ ቀድሞ እሱ ደረሰ። «ሰላም ለዚህ ቤት» ብሎ ገባ። የመስታወቱን በር ከውስጥ ቆለፈና መከለያውን ሳበ። «እህቴ፣ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። ባለቤቴ የት ናት?» አለ። የጠያቂን ማንነት እንደማንናገር፣ ይህን ደንብ ያረቀቀውም እሱ ራሱ እንደሆነ ነገርኩት። የእንጨቱን ሜትር ከተሰቀለበት አወረደና ትከሻዬ ላይ አሳረፈው። ሜትሩ ተሰበረ። በተሰበረው ጆሮ ግንዴን ደገመኝ። በየመሃሉ «የት ናት እህቴ?» ይለኛል፤ ያው በስልካችን የምንሰማው ድምፁ ነው። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ወለሉ ላይ ወደቅሁ፤ ጎኔን በጫማው ደጋግሞ ረገጠኝ። የጎን አጥንቶቼ መሰንጠቃቸው በሐኪም ማስረጃው ላይ ሰፍሯል። የሱሪው ጫፍ ዓይኔ ሥር ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ያሳጠርኩለት ሱሪ ነው፣ ስፌቴን ለይቼዋለሁ።

ፀጉሬን ጨምድዶ አነሳኝና ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ጎተተኝ። ኮት ልተኩስበት ስለነበር ካውያው ግሏል። ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያዘና ካውያውን ከላይ አስቀመጠበት። አስቀመጠበት ያልኩት ቃሉን መርጬ ነው፤ አልቸኮለም። ሲያርር የሸተተኝ የራሴ ቆዳ ነበር። «የት ናት?» አለኝ። ይህም ይጻፍ፦ አንዴ ደግሞ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። እኔ ጀግና አይደለሁም።

አላስጠየቀችኝም። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «እዚህ ነኝ። እሷን ተዋት» አለችው። ካውያውን ከእጄ ላይ አንስቶ፣ ጨርቁን እንዳያቃጥል ተጠንቅቆ ተረከዙ ላይ አቆመው። ትልቁን የጨርቅ መቀስ አነሳ። «ተንበርከኪ፤ እንጸልይ» አላት። እሷ ግን ቆማ ቀረች። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቆማ ስትቀር አይቷት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ፊቱ ተለዋወጠ። መቀሱን ግራ ትከሻዋ ላይ ሰካው። ነቅሎ ደግሞ ክንዷን ሰነጠቀው። ደሟ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የደንበኛ ቀሚስ ሳይቀር ረጨው። በእግሩ ጉልበቷን መትቶ ጣላትና አንገቷን ጨብጦ «አባታችን ሆይ፣ ይህችን ልጅህን አስተምራት» እያለ መጸለይ ጀመረ። «አሜን በይ» አላት። አላለችም። «አሜን በይ» አላት። አፏን ገጥማ ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር። መቀሱን ወደ ጉሮሮዋ አቅጣጫ አነሳው።

እዚህ ላይ መርማሪዋ አስቆመችኝ። ከዚህ በኋላ የምናገረው በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል፣ ልናገር ካልፈለግሁ ዝም ማለት መብቴ እንደሆነ አስረዳችኝ። ገብቶኛል ብዬ ቀጥያለሁ።

ካውያውን በግራ እጄ ያዝኩ። ገመዱ ከሶኬቱ ተነቀለ። ስጠራው ዞረ፤ ባለ በሌለ ኃይሌ መንጋጋውን መታሁት። ሲሰበር ሰማሁት። መቀሱ ከእጁ ወደቀና ከስፌት መኪናው ሥር ተንሸራቶ ገባ። እሱ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ባዶ እጁን ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼ ደገምኩት፤ ሁለተኛው ምት ግንባሩ ላይ አረፈ፤ ያኔ በግንባሩ ተደፋ።

ሦስተኛውን ላሳርፍበት ካውያውን አነሳሁ። ልገድለው ነበር። ያዳነችው ሚስቱ ናት። እየደማች ተነስታ ካውያውን በሁለት እጇ ያዘችብኝ፤ የያዘችው ግን የጋለውን ፊት ነው። «በቃሽ እትዬ፣ በቃ፤ አለቀ» እያለች ነጠቀችኝ። መዳፏ ላይ ያለው ቃጠሎ ከዚያ የመጣ ነው፤ ከተጠራጠራችሁ ሐኪም ይየው። መያዣውን ይዛ የመታች ሴት መዳፏ አይቃጠልም።

ምስማሬ ጩኸታችንን ሰምቶ በሩን ሲደበድብ ቆይቷል። መስታወቱን በመዶሻው ሰብሮ «እትዬ! በሕይወት አለሽ ወይ?» እያለ ሲገባ ካውያው በሷ እጅ ነበር። ያየውን ነው የመሰከረው፤ አልዋሸም። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም፤ ራሴን የሳትኩት እዚያው ነው። ፖሊስ ሲደርስ እሷ «እኔ ነኝ የመታሁት» ማለቷን የሰማሁት ከእህቴ ነው። ለምን እንዳለች ይገባኛል። በሷ ምክንያት እጄ እንደተቃጠለ ታስባለች፤ ዕዳዋን በእስር ልትከፍልልኝ ነው። እኔ ይህን ዕዳ አልቀበልም።

የግለሰቡ ወንድም በሰው ልኮ ያንን መልስ ከማኅበሩ ላይ እንዳነሳው ጠይቆኛል። አላነሳሁትም። መልሱ ትክክል ነው። ትናንት ጠዋት አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ድምፁን ሰምታ ልጆቿን ይዛ ከሚደበድባት ባሏ ቤት እንደወጣች ጽፋልኝ፣ «ወንድም እርጋታን እግዚአብሔር ይባርክህ በይልኝ» ብላለች። መርማሪዋ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ጠይቃኝ፣ ገና እንዳልመለስኩ ተናግሬአለሁ።

ቃሌ ከተጻፈ በኋላ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። መርማሪዋ አዝናልኝ ሁለቱንም ምት «የሰው ሕይወት ለማዳን» ብላ ጽፋ አገኘሁት። ከመጀመሪያው ላይ እንዲቆይ፣ ከሁለተኛው ላይ እንዲሰረዝ አድርጌአለሁ። «እትዬ፣ ይህ እኮ ሊያሳስርሽ ይችላል» ብላኛለች። አውቃለሁ። የመጀመሪያው ምት ለሷ ነበር፤ ሁለተኛው የራሴ ነው። ዳዊት ሳኦልን ዋሻ ውስጥ ሲያገኘው የልብሱን ጫፍ ቆርጦ ተወው። እኔ ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ የሱሪው ጫፍ ዓይኔ ሥር ሆኖ፣ እንዳልተውኩት ይመዝገብ። እሷ ትፈታ።

ከዚህ በላይ ያለው የእኔ ቃል መሆኑን፣ የጨመርኩትም የደበቅሁትም እንደሌለ፣ ፍርድ ቤት ቢጠራኝ ይህንኑ እንደምደግም አረጋግጣለሁ። ቀኝ እጄ በፋሻ ስለታሰረ በመታሁበት በግራ እጄ አውራ ጣት አትሜአለሁ።

የቃል ሰጪ የግራ አውራ ጣት አሻራ ____________
ቃሉን የተቀበለችው ሳጅን ፊርማ ____________
ሲነበብ የሰማች እማኝ (የቃል ሰጪ ታላቅ እህት) ፊርማ ____________
ስርዝ ድልዝ፦ አንድ ቦታ፣ በቃል ሰጪዋ ጥያቄ የተሰረዘ